የረቡዕ ደንበኞች

ረቡዕ ለአበሻ የጾም ቀን ነው። ታከር ውስጥ ላለ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ግን ረቡዕ ሌላም ትርጉም ነበረው። እናቱ ሽሮዋን ስታንተከትክ እሱ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ሶፋው ላይ ወርውሮ በር ላይ ይቆማል። «አባዬ፣ እንሂድ! ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» ይላል። አዲሶቹ ኮሚኮች ወደ ሱቅ የሚገቡት ረቡዕ ነውና።

አባት ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ሰው ነው። ከእንቅልፉ በቅጡ ሳይነቃ ልጁን ጭኖ በሎረንስቪል ሃይዌይ በኩል ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ይወስደዋል። ሱቋ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በጥፍር ቤት መካከል ተሸጉጣ ያለች ናት። መጀመሪያ ላይ አባት ከመኪናው አይወርድም ነበር። «ለዚች ለሥዕል አራት ዶላር! በዚህ ገንዘብ ስንት ደብተር ይገዛ ነበር» እያለ መሪው ላይ ተደግፎ ያንጎላጃል።

አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሆነና አብሮት ገባ። ያየው ነገር አስገረመው። ባለ ሱቁ፣ ጢሙ የሸበተ አሜሪካዊ፣ የልጁን የአበሻ ስም ሳይሰብር ጠራው። ከባንኮኒው ሥር አንድ ፎልደር አወጣ፤ ፎልደሩ ላይ የልጁ ስም በትልቁ ተጽፏል። በውስጡም ልጁ የሚከታተላቸው ታሪኮች አዲስ ቁጥሮች ተቀምጠውለታል። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። አስተማሪዎቹ «በክፍል ውስጥ አይናገርም» እያሉ ወረቀት የሚልኩበት ያ ልጅ፣ አባቱ ከሚያህል ሰው ጋር ስለ ታሪኩ አካሄድ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ተከራከረ። አባት ከዚያን ቀን ወዲህ ከመኪናው መውረድ ጀመረ።

ይህ ሁሉ «ነበር» ሆኗል። በቅርቡ አንድ ረቡዕ አባትና ልጅ ሲደርሱ በመስተዋቱ ላይ «ዕቃው በሙሉ በግማሽ ዋጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኙ።

ነገሩን አባትየው አንድ ምሽት ቡና ሲጠጣ ለጓደኞቹ ቢያጫውታቸው፣ «አንተ ደግሞ! የሕፃን መጫወቻ ቤት ተዘጋ ብለህ ታዝናለህ እንዴ? ልጁ ደህና መጽሐፍ ቢያነብ አይሻለውም?» አሉት። መልስ አጥቶ ዝም አለ። እነሆ መልሱን ይህ አምድ ያቀርብለታል።

በመጀመሪያ፣ ይህን ጋዜጣ በሬስቶራንት ውስጥ የያዘ አንባቢ እስቲ ቀና ብሎ ግድግዳውን ይመልከት። ምናልባት የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በተርታ የተሣለበት ሥዕል ይኖር ይሆናል። ዘንዶው አርዌ ይገደላል፣ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትጓዛለች፣ ከሰሎሞን ጋር ማዕድ ትቆርሳለች፣ ምኒልክ ይወለዳል፣ አድጎ አባቱን ሊያይ ይሄዳል፣ ታቦቱን ይዞ ይመለሳል። በየሥዕሉ ሥር ወይም አጠገብ አጭር ጽሑፍ አለ። ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በጥቂት ቃል መንገር ማለት ይኸው ነው። አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ የቅዱሳንን ገድል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ «ያነበቡት» በዚሁ መንገድ ነበር። ልጆቻችን የሚወዱት ነገር ለእኛ ባዕድ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መልስ ከዚሁ ከምንኖርበት ከተማ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የማርቲን ሉተር ኪንግንና የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ታሪክ የሚተርክ አንዲት ቀጭን ኮሚክ ታትማ ነበር፤ ዋጋዋ 10 ሳንቲም። ያለ ጠብመንጃ እንዴት መታገል እንደሚቻል በሥዕል ታስተምር ነበር። ያቺን ኮሚክ ካነበቡት ወጣቶች አንዱ ጆን ሉዊስ ነው። ጆን ሉዊስ በኋላ በሴልማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላ ጭንቅላቱ የተፈነከተው፣ ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ አትላንታን ወክሎ በአሜሪካ ምክር ቤት የተቀመጠው ሰው ነው። ከቢሮው ሠራተኛ አንዱ የነበረው አንድሩ አይዲን የራሱንም የሕይወት ታሪክ በኮሚክ እንዲጽፍ ወተወተው። «ማርች» የተሰኘው ባለ ሦስት ክፍል መጽሐፍ እንዲህ ተወለደ። ሥዕሉን የሠራው ኔት ፓወል ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2013 ወጣ፤ ሦስተኛው ክፍል ደግሞ በ2016 የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀበለ። አሳታሚው ቶፕ ሼልፍ ቢሮው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ማሪዬታ ውስጥ ነበር። እንግዲህ «የሕፃን መጫወቻ» የተባለው ነገር የአገር መሪ ሲያፈራና የአገር ታሪክ ሲያስተምር አይተናል።

ታዲያ ሱቁ ለምን ይዘጋል? ሰው ታሪኮቹን ስለጠላ ነውን? በጭራሽ! የማርቬል ጀግኖች የሚታዩበት «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። «ብላክ ፓንተር» በ2018 ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገብቷል። «ኤንድጌም» በአብዛኛው የተቀረጸው እዚሁ ከአትላንታ በስተደቡብ ፋየትቪል አጠገብ ባለው ስቱዲዮ ነው፤ «ብላክ ፓንተርም» በብዛት የተቀረጸው እዚሁ አትላንታ ነው። የዋካንዳ ንጉሥ ጎረቤታችን ነበር ማለት ነው። በስተደቡብ በኩል በቢሊዮን ይታፈሳል፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ታሪኩ የተወለደበትን ወረቀት የሚሸጠው ሰው የቤት ኪራይ ያጣል።

ምሥጢሩ ያለው በንግዱ አሠራር ውስጥ ነው። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ሲል ኮሚክ ይሸጥ የነበረው በጋዜጣ መሸጫና በመድኃኒት ቤት ነበር፤ ዋጋውም 10 ሳንቲም። ያልተሸጠው ለአሳታሚው ይመለሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ፊል ሱሊንግ የተባለ የብሩክሊን አስተማሪ ለአሳታሚዎቹ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። «በርካሽ ሽጡልኝ፤ እኔም ያልተሸጠውን አልመልስላችሁም» አላቸው። ተስማሙ። ለኮሚክ ብቻ የተከፈቱ የየሰፈሩ ሱቆች የበቀሉት ከዚህ ስምምነት ነው። ያቆማቸው ይኸው ስምምነት በኋላ የሚጥላቸውም ሆነ።

ሒሳቡን ለመረዳት የጉልት ንግድን ማሰብ ይበቃል። ጉልት የምትቸረችር ሴት ያልተሸጠ ቲማቲሟን ለገበሬው አትመልስም፤ ይበሰብስባታል። ባለ ኮሚክ ሱቁም እንዲሁ ነው። ከሁለት ወር በፊት ካታሎግ አይቶ ስንት ቅጂ እንደሚሸጥ ይገምታል። የአራት ዶላሩን ኮሚክ በግማሽ ገደማ ዋጋ ይገዛል እንበል። አሥር ቢያዝ 20 ዶላር አወጣ ማለት ነው። አምስት ቢሸጥ 20 ዶላሩ ተመለሰ። የቀሩት አምስቱ ግን ትርፉ፣ የቤት ኪራዩ፣ መብራቱና እንጀራው ናቸው። ካልተሸጡ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ደንበኛ «አስቀምጥልኝ» ብሎ ሳይመጣ ሲቀር ጉዳቱ የአንዲት ኮሚክ ብቻ የማይመስለው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሌላ በሽታ ገባ። ሰው ኮሚክን ለማንበብ ሳይሆን እንደ ወርቅ አስቀምጦ ለማትረፍ ይገዛ ጀመር። በኅዳር 1992 «ሱፐርማን ሞተ» የተባለበት ቁጥር 75 በጥቁር ከረጢት ታሽጎ ሲወጣ ሕዝብ በየሱቁ በር ተሰልፎ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ገዛ። ነገር ግን በሁሉም ሰው ቤት ያለ ዕቃ እንዴት ውድ ሊሆን ይችላል? ሱፐርማንም ብዙ ሳይቆይ ከሞት ተነሣ። ነጋዴ መስለው የገቡት ሸሹ፤ ብዙ ሱቆች ካልተሸጠ ክምር ጋር ቀሩ። በየከተማው ብዙ ሱቆች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ።

ቀጥሎ የአከፋፋዮቹ ጦርነት መጣ። በ1994 መጨረሻ ማርቬል የራሱን አከፋፋይ ድርጅት ገዛ። የተቀሩት አሳታሚዎች እየተሻሙ ከአንድ አከፋፋይ ጋር ብቻ ተዋዋሉ። አቧራው ሲረግብ ማርቬል ራሱ በታኅሣሥ 1996 ኪሳራ አውጆ፣ መቀመጫው ሜሪላንድ የሆነው ዳይመንድ የተባለው ድርጅት ብቻውን የሜዳው ባለቤት ሆኖ ተገኘ። ለሃያ አምስት ዓመት ያህል የአሜሪካ የኮሚክ ሱቅ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጠጣው ከአንድ ቧንቧ ሆነ።

የአንድ ቧንቧ ነገር መጨረሻው ይታወቃል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ዳይመንድ ለሁለት ወር ገደማ አዲስ ዕቃ መላክ አቆመ። የሱፐርማንና የባትማን አሳታሚ ዲሲ በዚያው ዓመት ትቶት ሄደ። ማርቬልም በ2021 ተከተለ። በጥር 2025 ዳይመንድ በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በመጋዘኑ ውስጥ ገና ዋጋው ያልተከፈለ፣ አሳታሚዎች በአደራ ያስቀመጡት ዕቃ ስለነበረ ዕቃው የማን ነው የሚለው ክርክር ሆነ። ትላልቆቹ አሳታሚዎች ቀድመው መንገድ ቀይረዋል። የተጎዱት ትናንሾቹ አሳታሚዎችና አንድ ትእዛዝ ይልኩ የነበሩት፣ አሁን ከሦስትና ከአራት ቦታ ማዘዝ፣ ለእያንዳንዱም የማጓጓዣ መክፈል ያለባቸው ባለ ሱቆች ናቸው። በዚህ ላይ የኪራይ መጨመርና ሁሉን በስልክ ማዘዝ ሲታከልበት የታከሩ ሽማግሌ ቁልፉን ለባለ ሕንፃው ቢመልስ ምን ይገርማል?

የአገር ቤቱን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት የሰማው ይመስለዋል፤ እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ መጽሐፍ የሚያከራዩ ትናንሽ ሱቆች ነበሩ። መጽሐፍ መግዛት ያልቻለ ተማሪ በቀን ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ የማሞ ውድነህን የስለላ ታሪኮች እየወሰደ ያነብ ነበር። ከፋዩ አንድ፣ አንባቢው ግን አምስት ነበር፤ መጽሐፉ ከመመለሱ በፊት ወንድም ለእህት፣ እህት ለጎረቤት ታሳልፈዋለችና። ባለ ሱቁም የየሰዉን ጠባይ ያውቃል፤ «ይቺ ላንተ አትሆንም፣ ያቺን ውሰድ» ይላል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የተረፉት ጥቂት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ የዞሩት ይህ የመዋዋስና የመከራየት ልማድ ስለነበረ ነው።

የአትላንታ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ ሌላም ታሪክ አለ። የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተጻፈው እዚሁ ነው። ደራሲዋ ትኖርበት የነበረው ቤት፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከታከር በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኮንን ነው፤ የተረጎመውም በደርግ ዘመን እስር ቤት ውስጥ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር። ጓደኞቹ ወረቀቱን እየለቀሙ ሰጡት፤ ጽሑፉም በሺህ በሚቆጠር ቁራጭ ላይ ተጽፎ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤት ሾልኮ ወጣ። በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። መጽሐፉ የባሪያ አሳዳሪዎችን ዘመን ያሞጋግሳል ተብሎ በተገቢው መንገድ የሚተች ነው። እስረኞቹ ግን ከአትላንታ ቃጠሎ ውስጥ የራሳቸውን አገር ቃጠሎ አነበቡበት። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አረፈ፤ ሥራው ግን ወረቀት ላይ ያለ ታሪክ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይመሰክራል።

እነዚያ የኪራይ ሱቆችስ? በመጀመሪያ የቪዲዮ ኪራይ ተካቸው፣ ቀጥሎ ሲዲው፣ አሁን ደግሞ ስልኩ። ዛሬ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ወጥቶ ሳይውል ሳያድር ፎቶው ተነሥቶ በቴሌግራም ይበተናል። ላኪው ደራሲውን ያከበረ ይመስለዋል። ደራሲው ግን የማተሚያ ቤት ዕዳውን በመውደድ ምልክት አይከፍልም።

ነገሩን ወደ ልጆቻችን እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰላም ዜና ሆኖ የመጣ አንድ ነገር ነበር። በሰራት ደበበ የተባለ ወጣት ኢታን ኮሚክስ በሚባል ድርጅቱ አማካይነት «ጀምበር» የተሰኘ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ፈጠረ። ጀግናው በአዲስ አበባ ሥራ ፈልጎ ያጣ የተማረ ወጣት ነው። ይህን ችግር የማያውቅ የአበሻ ቤት የለም! ቀጥሎ የወጣው «ሐዊ» ደግሞ አሜሪካ ያደገች የኢትዮጵያውያን ልጅን ታሪክ ይተርካል። ታከር ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የቀረበ ምን አለ? ነገር ግን እንዲህ ያለ የትንሽ አሳታሚ ሥራ ልጁ እጅ የሚገባው «ያንተን አገር ጀግና አምጥቼልሃለሁ» የሚል ባለ ሱቅ ሲኖር ነው። ልጁን በስሙ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ የሚያስታውሰው የለም። ኮምፒዩተሩ ትናንት የገዛኸውን የሚመስል ነገር ያቀርብልሃል እንጂ ስላንተ አይጨነቅም።

ምን ይደረግ? ዝናብ ካባራ በኋላ ጥላ ፍለጋ እንዳይሆን ጥቂት ነገር አሁኑኑ ይቻላል።

አንደኛ፣ በአካባቢው የቀረ ሱቅ ያለ ሰው ለልጁ ፎልደር ያስከፍት፤ ያስቀመጠውንም በቀጠሮው ይውሰድ። ባለ ሱቁ ሲያዝ የሚተማመነው በዚያ ፎልደር ነው። ወር ጠብቆ በአንዴ መግዛት ሳይሆን በየሳምንቱ አንዲት መግዛት ሱቅ ያቆያል።

ሁለተኛ፣ አራት ዶላር የከበደው ወላጅ አይፈር። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኮሚክ ያውሳል፤ የሌለውንም እንዲገዛ ሊጠየቅ ይችላል። «ማርችን» ከልጁ ጋር ያነበበ አባት ራሱም ስለሚኖርበት አገር ብዙ ይማራል።

ሦስተኛው ለእኛው ነጋዴዎች ነው። በርበሬና ጤፍ የሚሸጡ የአበሻ ገበያዎች ከካሴትና ከሲዲ የተለቀቀ መደርደሪያ አላቸው። እዚያ ላይ አሥር የአማርኛ መጽሐፍና አሥር የልጆች ኮሚክ ቢቀመጥስ? ደራሲውም ሆነ አሳታሚው ያልተሸጠውን ለመቀበል ከተስማማ የጉልቷ ነጋዴ ሥጋት አይኖርም። እንጀራ ሊገዛ የመጣ ሰው ከልጁ ጋር ነው የሚመጣው።

«ይህ ሁሉ ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው በከተማችን የሆነ ምሳሌ አለ። በሊትል ፋይቭ ፖይንትስ ሸክላና ኮሚክ የሚሸጠው ክሪሚናል ሪከርድስ በ2011 ዕዳ በዝቶበት ሊዘጋ መሆኑን አስታውቆ ነበር። ደንበኞችና የከተማው ሙዚቀኞች የእርዳታ ዝግጅት አዘጋጁለት፤ ሱቁም ሳይዘጋ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሠራ። ያተረፈው ደንበኞቹ ከመዘጋቱ በፊት መስማታቸው ነው። የታከሩ ሱቅ ደንበኞች ግን የሰሙት ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

በመጨረሻው ረቡዕ ሽማግሌው ከባንኮኒው ሥር ፎልደሩን አውጥቶ ለልጁ ሰጠው። አባት ኪሱ ሲገባ «ይህ የሱ ነው» ብሎ እጁን ያዘው። ሦስቱም ጥቂት ቆሙ። ከዚያ አባትና ልጅ የቀሩትን ሣጥኖች ወደ ሰውየው መኪና ተሸክመው ጫኑለት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልጁ በር ላይ አልቆመም። አባትየው ነው «ተነሥ» ያለው። ከተማ መሃል ወዳለ ሌላ ሱቅ ወሰደው፤ በሰዓቱ መጨናነቅ ሃምሳ ደቂቃ ነዱ። አዲሱ ባለ ሱቅ የልጁን ስም ሰበረው፤ ልጁም በትዕግሥት አረመው። አሁን በወር አንድ ረቡዕ እንዲያ ይሄዳሉ። የጎረቤት ሁለት ልጆችም ጨምረዋል፤ ቤንዚኑን ወላጆቻቸው ይጋራሉ። ከኋላ ወንበር ላይ የአንድ ልጅ ቦታ ገና አልተያዘም።